በክረምት በብስክሌት ወዳጅ ጥየቃ ከደሴ፦ ወልድያ፣ ከሚሴ፣ ባቲ ወይስ ወረኢሉ?

ተማሪም አስተማሪም የሚያርፈው ክረምት ላይ ነው። በአንድ ክፍል ተምረው ዛሬ አንዱ ወልድያ፣ ሌላው ከሚሴ፣ ሦስተኛው ወረኢሉ የሚኖሩ ጓደኛሞች እርስ በርስ ለመጠያየቅ የሚመቻቸውም ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ያለው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ ግን በወሎ ወንዝ የሚሞላበት፣ ጉም አስፋልቱን የሚሸፍንበትና ከሰዓት በኋላ ዶፍ የሚወርድበት ወቅት ነው። አውሮፓውያን ረጅም የብስክሌት ጉዞ የሚያደርጉት ፀሐይ እስከ ምሽት በምትቆይበት የበጋ ወራት ስለሆነ፣ ከእነሱ የሚመጣው ምክር፣ ማለትም በቀን 100 ኪሎሜትር ማቀድ፣ ከሰዓት በኋላም መንዳትና ድንኳን ተክሎ ከመንገድ ዳር ማደር፣ ለእኛ ክረምት እምብዛም አይሆንም።

በመሆኑም ከደሴ ተነሥቶ ወዳጁን በብስክሌት ሊጠይቅ ያሰበ ሰው ከፊቱ ያሉትን መንገዶች ሲያመዛዝን፣ ርዝመታቸውን ከመጠየቁ በፊት አቀበታቸው በቀኑ በስንት ሰዓት ላይ እንደሚያጋጥመው ቢያሰላ ይሻለዋል። ይህን የምለው ከአንድ ጊዜ በላይ ተሳስቼ ስላየሁት ነው። አርባ ኪሎሜትር ብቻ የሆነ መንገድ የመጨረሻ አቀበቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ዘጠና ኪሎሜትር ሆኖ አቀበቱ ጧት ከሚያልቅ መንገድ የበለጠ ያደክማል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር መጣራት አለበት። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ባለው የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት መንገድ አንድ ሳምንት ክፍት ሆኖ በሚቀጥለው ሊዘጋ፣ የእንቅስቃሴ ሰዓትም ሊገደብ ይችላል። በመንገዱ ላይ ያሉት ወዳጆች፣ በዚያው ዕለት ከዚያ የመጡ ሾፌሮችና የአካባቢው አስተዳደር «ይቅርብህ» ካሉ፣ ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ሁሉ ለሌላ ጊዜ ይቆያል። መታወቂያ መያዝና የሚያርፉበትን ሰው ስምና ቀበሌ ማወቅም የግድ ነው፤ ጭነት ያንጠለጠለ ብስክሌተኛ በየኬላው መጠየቁ አይቀርም።

የሰዓቱ ስሌት

በሐምሌና በነሐሴ በወሎ ብዙውን ጊዜ ጧቱ ጉም ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ደመናው ከእኩለ ቀን በኋላ እየተከመረ ሄዶ ከስምንትና ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ይወርዳል። ሌሊቱን አካፍቶ የሚያድርበትና ጧት የሚዘንብበት ቀን አይጠፋም፤ ዕቅድ የሚወጣው ግን በሚበዛው ነው። ስለዚህ ብስክሌተኛው ጎህ ሲቀድ በአሥራ ሁለት ሰዓት ቢነሣ፣ ደረቅ ሆኖ የሚነዳበት ጊዜ እስከ ሰባት ሰዓት፣ ቢበዛ እስከ ስምንት ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ ለቁርስ፣ ለውሃና ለጎማ ጥገና አንድ ሰዓት ተኩል ቢቀነስ የሚተርፈው ስድስት ሰዓት አካባቢ ነው።

በስድስት ሰዓት ምን ያህል ይኬዳል? አሥር ኪሎ ያህል ዕቃ የጫነና መጠነኛ ልምምድ ያለው ሰው በሜዳ ላይ በሰዓት ከ15 እስከ 18 ኪሎሜትር ይነዳል። አቀበት ላይ ግን በኪሎሜትር መቁጠር አይጠቅምም፤ የሚሻለው በሰዓት ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚወጣ ማስላት ነው፤ እሱም ከ300 እስከ 400 ሜትር ይሆናል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው ርቀት 25 ኪሎሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል ማለት ነው። የሚወርደው ግን ፍሬኑ ከታዘዘለት አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። ደሴን መነሻ ለሚያደርግ ሰው የዚህ ልዩነት ትርጉም ግልጽ ነው፤ ከደሴ መውጣት በአብዛኛው ቀላል ሲሆን መመለሱ ከባድ ነው።

ወደ ሰሜን፦ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ

ከደሴ እስከ ወልድያ 120 ኪሎሜትር ነው። ለክረምት ጉዞ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይህ ነው ብዬ የማስበው፣ በየ30 ኪሎሜትሩ ገደማ ከተማ ስላለው ነው፤ ሐይቅ በ30፣ ውጫሌ በ60፣ መርሳ በ90፣ ወልድያ በ120። ዝናብ ቢቀድም፣ ጎማ ቢፈነዳ ወይም ጉልበት ቢያልቅ፣ ወደፊት ወይም ወደኋላ ከ15 ኪሎሜትር ያልራቀ ቦታ ላይ ጎሚስታ፣ ሻይ ቤትና አልጋ ይገኛል። ከዚህ በታች ከማነሣቸው መንገዶች ይህን ያህል የተመቸ አደላደል ያለው የለም።

የመጀመሪያው ሠላሳ ኪሎሜትር ከደሴ ብርድ ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ማለትም ወደ 2,000 ሜትር አካባቢ፣ የሚወርድ ነው። ጧት በጉም ስለሚወረድ፣ ጓንት ያልያዘ ሰው ጣቶቹ ደንዝዘው ፍሬን መጨበጥ ያቅተዋል፤ ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል እንጂ የመንገዱ ዋና አደጋ እሱ ነው። ሐይቅ ደርሶ ቁርስ መብላት ይገባል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት ሐይቅ ዳር፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ገዳሙን ለማየት የፈለገ ሰው ግን ለዚያ ግማሽ ቀን መስጠትና ማደሪያውን በዚያው በሐይቅ ማድረግ አለበት። ሁለቱን በአንድ ጧት ልከውን ያለ ሰው ውጫሌ የሚደርሰው ርሶ ነው።

ከሐይቅ እስከ ውጫሌ የአምባሰልን ተራራ በግራ እያዩ ወጣ ገባ እያሉ መሄድ ነው። ታላቅ አቀበት የለውም፤ ትንንሹ ግን ይደጋገማል፣ ጉልበትም የሚጨርሰው እሱ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውና በአንቀጽ 17 ምክንያት ወደ ዐድዋ ያደረሰው ውል ስሙን ያገኘው ከዚችው ከውጫሌ ነው። ከውጫሌ ወዲያ መንገዱ በውርጌሳ በኩል ወደ መርሳ ሲወርድ አየሩ ይለወጣል፤ ጃኬት ይወልቃል፣ መርሳ ደግሞ በ1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ፍራፍሬዋን አቅርባ ትጠብቃለች። የመጨረሻው ሠላሳ ኪሎሜትር በሲሪንቃ በኩል እንደገና ወደ ላይ ይሄዳል፤ ወልድያ ከመርሳ በ400 ሜትር ያህል ትበልጣለችና።

እንግዲህ ምርጫው እዚህ ላይ ነው። 120ውን ኪሎሜትር በአንድ ቀን የሚጨርስ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ስሌቱ እንደሚያሳየው ስምንት ሰዓት የሚፈጅ ነጂነት ስለሆነ፣ የሲሪንቃን አቀበት የሚጀምረው ዝናቡ በሚጀምርበት ሰዓት ነው። በሁለት ቀን ለሚከፍለው ደግሞ ውጫሌ ወይስ መርሳ ይደር የሚለው ይነሣል። መርሳ ማደር ለሁለተኛው ቀን 30 ኪሎሜትር ብቻ ስለሚያስቀር፣ ወልድያ ለቁርስ ደርሶ ከወዳጅ ጋር ሙሉ ቀን ማሳለፍ ይቻላል። በሌላ በኩል መርሳ ቆላማ ስለሆነች የወባ ትንኝ አለባት፤ አጎበር የሌለው አልጋ እንዳይወሰድ። ውጫሌ ማደር የመጀመሪያውን ቀን ያቀልለዋል፣ እንቅልፉም በቀዝቃዛ አየር ነው፤ ሁለተኛው ቀን ግን 60 ኪሎሜትር ይሆናል። ለጀማሪ ውጫሌን፣ ለተለማመደ መርሳን እመክራለሁ። መርሳ ላይ ወዳጅ ያለው ሰው ግን ምክሬን አይስማ፤ ከአልጋ ቤት የወዳጅ ቤት ይሻላል።

ወዳጁ ቆቦ የሆነበት ሰው ከወልድያ ሌላ 50 ኪሎሜትር ይጨምራል። በጎብዬና በሮቢት በኩል የሚያልፈው ይህ መንገድ ወደ 1,500 ሜትር ወርዶ ሜዳ ስለሚሆን ለእግር ቀላል ነው። የሚያሰጋው ሙቀቱና ጎርፉ ነው። አለውሃና ጎሊና የመሰሉት ወንዞች ቆቦ ላይ ጠብታ ሳይወርድ በላይኛው ደጋ በዘነበ ዝናብ ደራሽ ያመጣሉና፣ የደረቀ አሸዋ አይቶ ከድልድይ በታች መጠለልም ሆነ ብስክሌት ማጠብ አይገባም።

ወደ ደቡብ፦ ኮምቦልቻና ከሚሴ

ይህ መንገድ ለመሄድ ከሁሉም ቀላል፣ ለመመለስ ደግሞ ከሁሉም አታላይ ነው። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ በሐርቡ በኩል ቦርከናን ተከትሎ እስከ ከሚሴ 75 ኪሎሜትር ያህል ሲሆን፣ በጠቅላላው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ጧት ተነሥቶ ለምሳ ከሚሴ መድረስ ይቻላል። በክረምት ጨፋ ሜዳ ላይ ውሃው ተኝቶ፣ ሣሩ ለምልሞ፣ ወፎቹ ሰፍረው ሲታዩ፣ ለፎቶ የማይቆም ብስክሌተኛ የለም።

ሆኖም ሁለት ነገሮች መመዘን አለባቸው። አንደኛው መንገዱ የደሴና የአዲስ አበባ ዋና መስመር መሆኑ ነው። ሲኖትራክ፣ ተሳቢና የሚቸኩል ሚኒባስ ሌሊትም ቀንም አይለዩትም፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከጎማቸው የሚረጨው ውሃ የብስክሌተኛውን ዓይን ይሸፍናል። ከወልድያው መንገድ ጋር ሲነጻጸር በተለይ ከኮምቦልቻ እስከ ሐርቡ ያለው ክፍል መንፈስ ያስጨንቃል።

ሁለተኛው ሐረጎ ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ስለ ፍሬን የተማርኩትን ልንገር። አንድ ክረምት፣ ከመነሣቴ አንድ ቀን በፊት የፍሬኑን ጎማ ወደ አንድ ጠጋኝ ወስጄ አስለውጬ፣ ሳልሞክረው በማግስቱ ጧት በካፊያ ወረድሁ። በሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬኑን ስጨብጥ ብስክሌቱ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ፤ ቸርኬው ርሶ ስለነበር የፍሬኑ ጎማ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች ውሃውን ከመጥረግ በቀር ምንም አልያዘም። የዳንሁት ዳር ላይ በነበረ የጠጠር ክምር ነው። ከዚያ ወዲህ በርጥብ መንገድ ስወርድ ፍሬኑን ከመታጠፊያው አስቀድሜ ላላ አድርጌ እየነካካሁ ቸርኬውን አደርቃለሁ፤ ያለማቋረጥ ከመያዝ ይልቅም አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ለቀቅ አደርጋለሁ። የዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት በዚህ ረገድ በጣም ይሻላል። ጉም ሲወርድ ደግሞ ሐረጎ ላይ አሥር ሜትር እንኳ አይታይም፤ ኋላ ላይ ቀይ መብራት የሌለው ብስክሌተኛ ጉሙ እስኪገለጥ ድረስ ሻይ እየጠጣ ቢጠብቅ ማንም አይታዘበውም።

ሲመለሱስ? ከሚሴ ተነሥቶ እስከ ደሴ በአንድ ቀን መመለስ ማለት፣ ሃምሳውን ኪሎሜትር በሙቀት ከነዱ በኋላ ሐረጎን ከሰዓት በኋላ፣ ማለትም ዝናቡ ሲመጣ፣ መውጣት ማለት ነው። ይህ የጉዞው ወጥመድ ነው። ስለዚህ ከሚሴ ለሚሄድ ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ሲመለስ ኮምቦልቻ አድሮ ሐረጎን በማግስቱ ጧት በቀዝቃዛ አየር መውጣት፣ ወይም ከኮምቦልቻ ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ መግባት። ሁለተኛውን የሚያፍርበት ሰው አለ፤ እኔ አላፍርበትም።

ባቲ

ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ኪሎሜትር ያህል ናት። ከደሴ ጀምሮ ሲቆጠር የከሚሴን መንገድ ያህል ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ከደሴ በ1,000 ሜትር ዝቅ ስለምትል አየሯ በ6 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፣ ክረምቷም ከደጋው ቀለል ያለ ነው፤ በነሐሴ ጭጋግ የሰለቸው ሰው ልቡ ወደ ባቲ ቢሄድ አይደንቅም። ዘፋኞቻችን ቅኝታቸውን ሲቆጥሩ ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ጋር ባቲንና አምባሰልን ይጠራሉ፤ አምባሰል በወልድያው መንገድ፣ ባቲ በዚህኛው መንገድ ስላሉ፣ ለመምረጥ የተቸገረ ሰው በሚወደው ቅኝት ቢወስን እንኳ ብዙ አይሳሳትም።

ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው። መንገዱ በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወስድ የወደብ መስመር ስለሆነ ከባድ ጭነት ይመላለስበታል። የባቲ ገበያ የሚውለው ሰኞ ነው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ ስለሆነ ማየት ለሚፈልግ መልካም ነው። በገበያው ጧት ግን መንገዱ በግመል፣ በፍየልና በአይሱዙ ስለሚሞላ ብስክሌት መንዳት አይቻልም። እሑድ ገብቶ፣ ሰኞን ከወዳጅ ጋር በገበያው ውሎ፣ ማክሰኞ መመለስ ትክክለኛው አካሄድ ነው። ውሃ ከሌሎቹ መንገዶች እጥፍ መያዝ ያስፈልጋል፤ አንድ ሁለት ከረጢት ኦአርኤስ ከቦርሳ ቢኖር ደግሞ ሙቀቱ ሲበረታ ያገለግላል።

ወረኢሉ፣ እና ላሊበላ ለሚመኝ

ወደ ወረኢሉ የሚወስደው 90 ኪሎሜትር ያህል መንገድ የተለየ ጠባይ አለው። ከደሴ ሲወጡ ከመውረድ ይልቅ ይበልጥ ይወጣል፤ ጉጉፍቱ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከላይ እንዳልኩት አቀበት ጧት ሲያልቅ ጥሩ ነውና፣ በዚህ ሚዛን ሲታይ መንገዱ አይከፋም። ችግሩ ከአቀበቱ በኋላ ያለው የደጋ ሜዳ መጠለያ የሌለው መሆኑ ነው። ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመታ፣ በረዶ ሲጥልና የራሰ ልብስ ሰውነት ላይ ሲቀዘቅዝ፣ ጋቢ እንኳ ከውሽንፍሩ አያድንም። በሐምሌና በነሐሴ ይህን መንገድ ብቻውን የሚሄድ ሰው እንዲያስብበት እመክራለሁ። በመስከረም አጋማሽ ግን፣ አደዩ ሲፈነዳና ሰማዩ ሲጠራ፣ ከሁሉም መንገዶች የሚበልጠው ይኸው ነው። በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ የዘመተው የሸዋ ጦር እንዲከት የታዘዘው በጥቅምት ወረኢሉ ላይ ነበር፤ እነሱም ክረምቱ እስኪወጣ ነው የጠበቁት።

ላሊበላን በተመለከተ አጭር መልስ ልስጥ። ከወልድያ በጋሸና በኩል 170 ኪሎሜትር ያልፋል፤ ከወልድያ ተነሥቶ በድልብ የሚወጣው አቀበት ብቻውን የአንድ ጧት ሥራ ነው፣ ጋሸና ደግሞ የደጋ ብርድ ነው። መጨረሻ ላይም ከአውሮፕላን ማረፊያው በኋላ ከ500 ሜትር የማያንስ አቀበት ይጠብቃል። ከወልድያ ሦስት ቀን ለሌለው ሰው ይህ የክረምት ምርጫ አይደለም። አሸንድዬን ለማየት በነሐሴ 16 ላሊበላ መድረስ የፈለገ ሰው ብስክሌቱን ወልድያ ወዳጅ ቤት አስቀምጦ በመኪና ቢሄድ የበለጠ ይደሰታል።

ወሩን መምረጥ

ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ገና አልጠናም፤ ተማሪው ግን ፈተና ላይ ነው፣ መምህሩም እርማት ላይ። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ዝናቡ የሚበረታበት ጊዜ ስለሆነ ከተቻለ መዝለል ይሻላል። ከነሐሴ 20 አካባቢ ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ያለውን እመርጣለሁ፤ ዝናቡ እየሳሳ ይሄዳል፣ ፍልሰታም ያበቃል። ጾም ላይ የሚጓዝ ክርስቲያን ብስክሌተኛ በባዶ ሆድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መንዳት እንደማይችል ለራሱ አስቀድሞ ማመን አለበት፤ ወይ ጉዞውን ያዘገያል፣ ወይ ለንስሐ አባቱ ይነግራል። ለማያጾም ሰው ግን በወሎ ከተሞች የጾም በየዓይነቱ ከሚሸጥበት ቤት ጎን የሥጋ ቤት ክፍት ስለሚሆን ምግብ አይቸግርም።

ብስክሌቱ

ያለ ማርሽ የሚነዳው ከባዱ የፎኒክስ ዓይነት ብስክሌት ጠንካራ ነው፣ የትም ይጠገናል። ከደሴ እስከ ሐይቅና ከሚሴም ያደርሳል፤ ሲመለስ ግን ባለቤቱን ያስገፋዋል። ማርሽ ያለው ማውንቴን ባይክ ለወልድያም ለወረኢሉም ይሻላል፤ ጉድለቱ መለዋወጫው ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ ውጭ በቀላሉ አለመገኘቱ ነው። ስለዚህ ሁለት ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና ላስቲክ፣ መንፊያ፣ አንድ ጥንድ የፍሬን ጎማና የሰንሰለት ማያያዣ ከቤት መያዝ አለበት። ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ብስክሌት ለክረምት አይሆንም፤ ከገደሉ የወረደው ጠጠር ጎርፍ በየቁልቁለቱ እግር አስፋልቱ ላይ ተነጥፎ ይገኛልና።

ልብስን በተመለከተ፣ ውድ የዝናብ ልብስ ካልተገኘ ወፍራም ላስቲክ ቀዶ መልበስ ይበቃል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን አንድ ሙሉ ልብስ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ወዳጅ ቤት እስኪደረስ ሳይፈታ መቀመጡ ነው። ርሶና ጭቃ ነክቶት የደረሰ እንግዳ የቤቱን እመቤት ያስደነግጣል፤ ደረቅ ልብስ ካለው ግን ደጅ ላይ ተጣጥቦ እንደ ሰው ይገባል።

ስለ ወዳጆቹ

ዕቅዱን የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ ቡናውም ነው። በወሎ እንግዳ አቦል ጠጥቶ አይነሣም፤ ቶናውና በረካው ይቀራል፣ ከዚያ ምርቃቱ አለ፣ ከምርቃቱ በኋላ ደግሞ ጎረቤት «እኛስ ምን በድለናል» ይላል። መርሳ ላይ ለግማሽ ሰዓት ብሎ የገባ ሰው ሰባት ሰዓት ላይ ቢወጣ ሊወቅስ የሚገባው ራሱን ነው። ስለዚህ በመንገድ መካከል ያለ ወዳጅ ቤት ወይ ማደሪያ ይሁን፣ ወይ ሲመለሱ ይጠየቅ እንጂ፣ ለምሳ ብቻ አይታቀድ። ለሚያስተናግደው ሰው የሚደርሱበትን ቀን እንጂ የሚደርሱበትን ሰዓት አለመናገርም ይጠቅማል፤ ሰዓት የተነገረው ወዳጅ በዝናብ ሞተር አስነሥቶ ፍለጋ ይወጣል።

ወዳጆቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ቅደም ተከተሉ ይወስናል። ወልድያም ከሚሴም መሄድ ያለበት ሰው ወልድያን ያስቀድም፤ እግሩ የሚፈታውና የሚጠነክረው በዚያ መንገድ ነው። ወልድያ ደርሶ ሁለት ቀን ካረፈ በኋላም በመኪና ደሴ ተመልሶ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ከሚሴ ይወርዳል። ከሁለት አንዱን ብቻ የሚመርጥ፣ ጀማሪና ብቻውን የሚሄድ ሰው ከሆነ ወልድያ። ሁለት ሆነው የሚሄዱ፣ ፍሬናቸው አስተማማኝ የሆነና ሁለት ቀን ብቻ ያላቸው ሰዎች ከሆኑ ከሚሴ፣ ሲመለሱም ኮምቦልቻ ያድራሉ።

በመኪና ለሚመለስ ሰው የመጨረሻው ነገር ጭነቱ ነው። ወልድያ መናኸሪያ ውስጥ ብስክሌት የሚጫነው ጣሪያ ላይ ሲሆን፣ ዋጋው ብስክሌቱ ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ከረዳቱ ጋር መቆረጥ አለበት፤ ከወጣ በኋላ የሚጀመር ክርክር ሁልጊዜ በረዳቱ ድል ያልቃል። የፊት ጎማው ተፈትቶ ከጎኑ ይታሰር፣ ማርሹ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፣ ፔዳሉም በጨርቅ ይጠቅለል። መኪናው ውጫሌ ላይ ለምሳ ሲቆም ደግሞ አንድ ጊዜ ወርዶ ገመዱን ማየት ይገባል፤ ከዚያ በፊት ባለው ወጣ ገባ ላልቶ ሊሆን ይችላል።